ሻጭ ለሌለው ነገር ማን ይከፍላል?

እናቴ ስለ ሥራዬ ብዙ አትጠይቅም። የሰው ሂሳብ እንደምይዝ ታውቃለች፣ ያ ይበቃታል። አንድ እሑድ ግን ማራኪ ሰፈር ያለው ቤቷ ሄጄ፣ ቡናው እስኪደርስ ደረሰኝ ዘርግቼ ስለይ አየችኝና የምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የቀዶ ሐኪሞች ማህበር ነው አልኳት። አባላቱ በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላሉ፣ ከዚያ ሌላ ደግሞ የቻለ የቻለውን ይጨምራል። መቁላቷን አቋርጣ ዞረችና «ማን ሞቶባቸው ነው?» አለች።

ሳቅሁ። እሷ ግን የምሯን ነው። ዕድሜ ልኳን ያዋጣችው ለእድር ነው። እድር ላይ ዛሬ የምትከፍለው ነገ ላንተም ድንኳን እንዲተከል ነው። ከፋዩም ተጠቃሚውም አንድ ሰው ነው፣ ቀኑ ነው የሚለያየው። «ታዲያ ሐኪሞቹ ምን ያገኛሉ?» ስትለኝ ስልጠና አለ፣ ጉባኤ አለ፣ ምናምን አለ እያልኩ ቆጠርኩላት። «ደሞዝ የላቸውም? መንግሥት አያሰለጥናቸውም?» አለችና ወደ ምጣዷ ተመለሰች።

መልሴ እሷንም አላረካት፣ እኔንም አላረካኝ። ብሩ ሲገባም ሲወጣም የማየው እኔ ነኝ። ግን አንድ ሰርጅን፣ ለዚያውም በደሞዝ የሚኖር፣ ከኪሱ አውጥቶ ለማህበሩ ሲሰጥ በትክክል ምን እየገዛ እንደሆነ ለእናቴ በሚገባት መንገድ መናገር ከበደኝ። ነገሩ ሲመላለስብኝ ከረመ። መልሱን ያመጣልኝ አንድ ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን ገና እየሰለጠነ ያለ ሐኪም ነው።

## ሦስት ዓይነት ብር

የማህበሩን ስም አልጠራም። ጎንደር ትንሽ ከተማ ናት፤ ስም ከጠራሁ ማን ምን እንዳለ እስከ አዘዞ ይታወቃል።

ወደ ማህበሩ የሚገባው ብር ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ የአባልነት መዋጮ ነው። ቁርጥ ያለ ነው፣ ሁሉም እኩል ይከፍላል። የቢሮ ኪራዩ፣ ኢንተርኔቱ፣ የኦዲተሩ ክፍያ፣ የእኔም አበል እዚህ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ሌላው ስፖንሰር ነው። መድኃኒት አስመጪ፣ የስፌት ክር አስመጪ፣ የማሽን ወኪል። ትልቁ ብር ይሄ ነው። የዓመታዊው ጉባኤ አዳራሽ፣ ምሳ፣ ቦርሳ፣ እስክሪብቶ ሳይቀር ከዚህ ነው የሚወጣው። የቀረው ልገሳ ነው፤ አባላቱ ከመዋጮው በላይ ማንም ሳያስገድዳቸው የሚሰጡት። እሱ ትንሽ ነው።

ለምን ትንሽ እንደሆነ ይገባኛል። ደሞዝተኛ መዋጮ ሰልችቶታል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለግድቡ የወር ደሞዛችንን እየከፋፈልን ስናስቆርጥና ቦንድ ስንገዛ ኖረናል። በደስታ የሰጠ አለ፣ እያጉረመረመ የሰጠም አለ። ከዚያ ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ። ስለዚህ ስብሰባ ላይ ልገሳ የሚል ነገር ሲነሳ ሰርጅኖቹ ስልካቸውን ማየት ይጀምራሉ፣ ሰብሳቢዎቹም አፍረው ወደሚቀጥለው አጀንዳ ያልፋሉ። ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል። ማህበሩ በማፈር ብቻ ያጣው ብር ከገባው የሚበልጥ ይመስለኛል።

አንድ የሕግ ነገር ልጨምር፣ ሙያዬ ስለሆነ ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት ከገቢው ከ20 በመቶ በላይ ለአስተዳደር እንዳያወጣ ይከለክላል። ጥሩ ሕግ ነው፤ የሰው ብር በቢሮ ወንበርና በመኪና እንዳያልቅ ያደርጋል። ትንሽ ማህበር ላይ ሲመጣ ግን ያንቃል። ገቢው ትንሽ ከሆነ ኪራይና ኦዲተር ብቻቸውን 20 በመቶውን ጠርገው ይበሉታል። ጠቅላላ ገቢው ሲያድግ ነው ቢሮው ትንሽ የሚተነፍሰው። ለሬዚደንት ብሎ የሰጠ ሰው ቢሮውንም እያቆመ እንደሆነ አያውቅም።

## የቱ ብር ነው የከፈለልኝ?

ልጁ (ሬዚደንት ነው፣ ለእኔ ግን ልጅ ነው) ፒያሳ ያለችው ቢሮዬ የመጣው የትኬቱን ጉዳይ ሊጨርስ ነው። ጉባኤው አዲስ አበባ ነበር። ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚቆረጥ ትኬት ለሬዚደንት ደሞዝ ቀልድ አይደለም፤ በመኪና እንዳይሄድ ደግሞ መንገዱ እንደ ቀኑ ነው። ማህበሩ ጽሑፋቸው ተቀባይነት ላገኘ ሬዚደንቶች ይከፍላል። ፈረመ፣ ደረሰኙን ሰጠኝ፣ ግን አልተነሳም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የኔን ትኬት የከፈለው የቱ ብር ነው?»

«የማህበሩ ነዋ።»

«የማህበሩ መሆኑንማ አውቃለሁ። የማህበሩ የቱ?»

የሚያመሰግነው ሰው ስም የፈለገ መሰለኝ። ላፕቶፑን ከፈተና ከርዕሱ ቀጥሎ ያለውን ስላይድ አሳየኝ። ንግግር የሚያቀርብ ሐኪም ከማን ምን እንደወሰደ ለአድማጩ የሚያሳውቅበት ስላይድ ነው። ማን ደገፈህ? ከየትኛው ድርጅት ጋር የጥቅም ግንኙነት አለህ? ሌላው ሁሉ ተሞልቷል፣ የገንዘብ ድጋፍ የሚለው ባዶ ነው።

«ማህበሩ ብለህ አትጽፍም?» አልኩት።

«ብጽፍ፣ ማህበሩንስ ማን ደገፈው ብሎ የሚጠይቅ አዳራሹ ውስጥ አይጠፋም። ደግሞ ልክ ነው።»

ከዚያ የጥናቱን ነገር አስረዳኝ። እኔ በገባኝ መጠን እንዲህ ነው። ኦፕራሲዮን የሚደረግ ሰው ቁስሉ እንዳያመረቅዝ አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል። ዋናው ጊዜ ቆዳው ከመቆረጡ በፊት ያለው ነው። በሰዓቱ ከተሰጠ፣ ኦፕራሲዮኑ ካለቀ በኋላ ለመከላከያ ብሎ መቀጠል እንደማይገባ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ በግልጽ ይመክራል። የዋርዱ ልማድ ግን ሌላ ነው፣ ለቀናት ይቀጥላል። አስታማሚው ወረቀቷን ይዞ ፋርማሲ ለፋርማሲ ይዞራል። ከቋራ ወይም ከጃን አሞራ የመጣ ገበሬ በሬ ሸጦ የያዘውን ብር ላያስፈልግ ለሚችል መርፌ ያወጣል፣ ጀርሙም በበኩሉ መድኃኒቱን ይለምደዋል። ልጁ የታካሚ ካርድ ሲያገላብጥ ከርሞ የጻፈው ስለዚህ ልማድ ነው።

«እና የዘንድሮው ጉባኤ ዋና ስፖንሰር ማን ነው?» አለኝ ፈገግ ብሎ።

አውቀዋለሁ። ቼኩን ባንክ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ይሄንኑ ዓይነት መድኃኒት የሚያስመጣ ድርጅት ነው።

አስመጪው ምንም አላጠፋም። ይሄን በል፣ ያን አትበል ያለው ሰው የለም። ግን እስቲ አስቡት፤ በእነሱ ብር ተሳፍሮ፣ በእነሱ ብር ምሳ በልቶ፣ በእነሱ ባነር ሥር ቆሞ «ይሄን መድኃኒት ቀንሱ» የሚል ወጣት። ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ቃሉን ያለሰልሰዋል። «አያስፈልግም» የነበረው «ቢታሰብበት መልካም ነው» ይሆናል። ልጁ ስለሚዋሽ አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። የበላበትን ወጪት ሰባሪ መባልን ያህል የሚያስፈራን ነገር ደግሞ የለም።

ችግሩ ብሩ ሁሉ አንድ አካውንት ውስጥ መሆኑ ነው። ማህበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ እንዲያ ነው። ከተቀላቀለ በኋላ ይሄኛው የእገሌ ነው ማለት አይቻልም፣ ብር መልክ የለውም። ነገ ና አልኩትና ማታውን የባንክ መግለጫውንና የቴሌብር ዝርዝሩን ጎን ለጎን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ያዳነኝ ምን መሰላችሁ? ብር ሲላክ ምክንያት የሚጻፍባት ቦታ። ብዙው ሰው ባዶ ይተዋታል። አንዱ «ለቡና» ብሏል። ውጭ ሀገር የሄደ አንድ ሰርጅን «ለልጆቹ» ብሎ ጽፏል። ሌሎች ደግሞ ቁርጥ አድርገው «ለሬዚደንት ጉዞ»። መቶ ብር፣ ሁለት መቶ ብር፣ አልፎ አልፎ ሺ ብር። እነዚህን ብቻ ለይቼ ስደምራቸው ትኬቱን ይሸፍናሉ፣ ተረፍ ያለም አለ።

በማግስቱ ነገርኩት። ባዶው ቦታ ላይ «የማህበሩ አባላት ልገሳ» ብሎ ጻፈና ላፕቶፑን ዘጋ። እኔ ግን ገና እያሰብኩ ነበር። ትኬቱን ስፖንሰሩም በደስታ ይገዛው ነበር፣ ለዚያውም ከተሻለ ሆቴል ጋር። ያ ሁለት መቶ ብር የላከው ሰውዬ የገዛው ልጁ «አያስፈልግም» የሚለውን እንዳለ እንዲናገረው ነው። ለዚህ ደግሞ ከሐኪሞቹ ከራሳቸው በቀር ሌላ ገዢ የለውም።

## አንድ ገጽ ወረቀት

ከዚያ ወዲህ ወጪውን ሳየው የልገሳው ብር የሄደባቸው ነገሮች አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር እንዳለ አየሁ። ሻጭ የላቸውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣውን የቀዶ ሕክምና ደህንነት ቼክሊስት ውሰዱ። አንድ ገጽ ወረቀት ነው፣ 19 ነጥብ አለው። ታካሚው ትክክለኛው ሰው ነው? የሚቆረጠው ቦታ ምልክት ተደርጎበታል? አንቲባዮቲኩ ባለፈው አንድ ሰዓት ውስጥ ተሰጥቷል? ፋሻውና መርፌው ተቆጥሯል? ከታንዛኒያዋ ኢፋካራ እስከ ለንደን በ8 ከተሞች ባሉ 8 ሆስፒታሎች ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲታተም፣ ኦፕራሲዮን ከተደረገለት 100 ሰው የሚሞተው ከ1.5 ወደ 0.8 ወርዶ ተገኘ። ይሄን የሚሠራ መርፌ ቢኖር አስመጪው ባነሩን ፋሲል ግቢ በር ላይ በሰቀለ ነበር። ወረቀት ስለሆነ ባነር የሚሰቅልለት የለም። ማባዣውን፣ ላሚኔሽኑን፣ ለኦፕራሲዮን ክፍል ነርሶችና ለአንስቴዢያ (የማደንዘዣ) ባለሙያዎች የተሰጠውን የግማሽ ቀን ማብራሪያ ሻይና ዳቦ ሳይቀር የከፈለው ያ ትንሹ ብር ነው።

ፕራይመሪ ትራውማ ኬር የሚባል የ2 ቀን ኮርስም አለ። ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የአየር መተላለፊያውን፣ ቀጥሎ ትንፋሹን፣ ቀጥሎ ደሙን እያለ ቅደም ተከተል የሚያስይዝ፣ ብዙ መሣሪያ በሌለበት ቦታ ለሚሠራ ሰው ታስቦ የተዘጋጀ ነው። የሚያስተምሩት ሰርጅኖቹ ራሳቸው ናቸው፣ አበል አይወስዱም። ወጪው ከመተማና ከደባርቅ ለሚመጡት ሰዎች ትራንስፖርት፣ አልጋና ምሳ ነው።

እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ብዙዎቹ ሰርጅኖች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ለ100,000 ሰው ቢያንስ 20 የቀዶ፣ የአንስቴዢያና የማህፀን ስፔሻሊስት ያስፈልጋል ብሎ ነበር፤ እኛ ከዚያ ገና በጣም ሩቅ ነን። በየወረዳው ሆስፒታል ሌሊት ምጥ የጠናባትን በኦፕራሲዮን የሚያዋልዱት፣ የተጠማዘዘ አንጀት ይዞ የመጣውን ገበሬ የሚያተርፉት ብዙ ጊዜ በማስተርስ ደረጃ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሰለጠኑ ጤና መኮንኖች ናቸው። ጎንደር ለዚህ ባዳ አይደለችም፤ የጤና ኮሌጃችን እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም ዋናው ሥራው ጤና መኮንን ማሰልጠን ነበር። የእኛ ማህበር መተዳደሪያ ደንብ ግን በአባልነት አይቀበላቸውም። አባል ያልሆነ ሰው በአባል ብር ይሰለጥናል። ይሄን ስብሰባ ላይ ያነሳ ሰው ነበር፣ «ለምን ለእነሱ?» ብሎ። አንድ አንጋፋ ሰርጅን «እነሱ በደንብ ያልያዙት ታካሚ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እኔ ጋ ነው የሚመጣው» አሉትና ክርክሩ አለቀ።

## አረቄና መሠዊያ

ሂሳብ ሲሰለቸኝ ስለ ሌሎች ማህበራት አነባለሁ። የኤዲንብራ ቀዶ ሐኪሞችና ፀጉር አስተካካዮች እ.ኤ.አ. በ1505 ከከተማው ምክር ቤት መተዳደሪያቸውን ተቀበሉ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ተለማማጅ እንዳይቀበሉ ይላል። ለትምህርት የሚሆን በዓመት አንድ በሞት የተቀጣ ወንጀለኛ አስከሬን ይፈቅድላቸዋል። በከተማው አረቄ የማውጣትና የመሸጥ መብትም የእነሱ ብቻ ሆነ! ከአባላቱ የሚሰበሰበው ብር ደግሞ በቅዱስ ጃይልስ ቤተ ክርስቲያን ያለውን የቅዱስ ሙንጎን መሠዊያ ይጠብቅ ነበር። አርባ አራቱ ታቦት ባለበት ከተማ ያደገ ሰው ይሄን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የአረቄውን ነገር ለሊቀመንበራችን ስነግራቸው «እኛም ፈቃድ እናውጣ እንዴ?» አሉኝ።

ዛሬ ነገሩ ሰፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1913 የተቋቋመው የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ልገሳ የሚሰበስብ ፋውንዴሽን አለው፣ ብሩ ለምርምርና ለወጣት ሐኪሞች የትምህርት ድጋፍ ይሄዳል። እንግሊዝ ሀገር ደግሞ ግብር ከፋይ የሆነ ሰው ለበጎ አድራጎት ድርጅት 1 ፓውንድ ሲሰጥ መንግሥት 25 ፔንስ የሚጨምርበት አሠራር አለ። ይሄን ሳነብ ቀናሁ።

ወደ እኛ ቀረብ ስንል፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ አለ፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። ጽሕፈት ቤቱ አሩሻ ነው፣ ማስተማሪያ ሕንፃ ግን የለውም። ሰልጣኞቹ በየሀገራቸው ሆስፒታል ሆነው ነው የሚሰለጥኑት። በዓመቱ መጨረሻ የሚፈትኗቸው ሰርጅኖች ጊዜያቸውን በነፃ ሰጥተው ነው። እንዲህ ያለው ልገሳ በእኔ መዝገብ ላይ አይገባም፣ የምጽፍበት ዓምድ የለኝም። ብናስገባው ኖሮ ስፖንሰሩ ትልቁ ሰጪ መሆኑ የሚቀር ይመስለኛል።

## ሠላሳውን ሎሚ የተሸከመው ሰው

ልገሳ ሲነሳ ስብሰባ ላይ የማይቀር ተረት አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ሂሳብ የምይዝ ሰው ነኝና የማስበው ሌላ ነው። አንዱ ብቻውን ሠላሳውን ቢሸከምስ?

ይሄ የሌለ ነገር አይደለም። የግል ክሊኒክ ያለው አባል ከሌሎቹ ሁሉ በላይ መስጠት ይችላል፣ ከልቡ ሊሆንም ይችላል። ግን ምርጫ ሲደርስ ሰው ያስታውሰዋል፣ እሱም እንዲታወስ ይጠብቃል፤ የስልጠናው ርዕስ ሲመረጥ የእሱ ሙያ ይቀድማል። ያኔ ነጭ ጋወን የለበሰ ስፖንሰር አገኘን ማለት ነው። ለአንድ አባል ልገሳ ጣሪያ እናብጅለት ብዬ ሐሳብ ሳቀርብ ሊቀመንበሩ «የሚሰጥ ሰው እጅ ልትይዢ ነው?» አሉኝ። አዎ፣ ትንሽ። ድምሩ ቢቀንስም ከብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ ቢመጣ እመርጣለሁ።

ድምሩ መቀነሱ ቀላል ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። በብር እጥረት የተሰረዘ ኮርስ ማለት ደባርቅ ላይ ቅደም ተከተሉን ሳይማር የቀረ ሰው ማለት ነው። ስፖንሰር ይቅር ማለትም አልችልም። ቁጥሩን አይቻለሁ፤ ያለ ስፖንሰር አዳራሹም አይኖርም። አዳራሹን ይክፈሉ፣ ምሳውንም ይክፈሉ፣ ቦርሳውንም ያድሉ። ማይክሮፎኑ ላይ የሚነገረውንና ተናጋሪውን የሚያመጣውን ትኬት ግን ለአባላቱ ይተውላቸው።

ለዚህ ነው ሁለተኛ አካውንት እንክፈት ብዬ የጠየቅሁት። የልገሳው ብር ለብቻው ገብቶ ለብቻው ይውጣ፣ የሚቀጥለው ሬዚደንት ሲጠይቀኝ ቴሌብር ላይ «ለቡና» የሚል እያነበብኩ አላድር። ሊቀመንበሩ እርሳሳቸውን አውጥተው መቁጠር ጀመሩ። ሌላ የባንክ ክፍያ፣ ሌላ ፈራሚ፣ ኦዲተሩም ሥራ በዛብኝ ብሎ ይጨምራል። ያ ሁሉ ደግሞ ከአስተዳደር 20 በመቶው ላይ ነው የሚነሳው፣ እሱ ሞልቷል።

«ታዲያ ልገሳውን ለብቻው ለማስቀመጥ ራሱ ልገሳ ልንለምን ነው?» አሉኝ።

«አዎ ዶክተር። ከእርስዎ እንጀምር።»

ሳቁ። ደሞዝ ይግባ አሉኝ።